ወፍጮው ከመንደር ይውጣ

አጎትየው በ1977ቱ ድርቅ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ከወሎ ወደ አሶሳ ከሄዱት ሰፋሪዎች አንዱ ናቸው። ሲያርሱ ኖረው የእህል ወፍጮ ተከሉ፤ የወርቅ ዋጋ ሲያሻቅብ ደግሞ ወርቅ ያዘለ ድንጋይ የሚፈጭ መሣሪያ አስገቡ። የወንድማቸው ልጅ የማዕድን ምህንድስና ተምራ የተመለሰች ወጣት ናት። ሁለቱ ሰዎች ለዚህ ጽሑፍ የተፈጠሩ ናቸው፤ የሚያነሷቸው አገሮች፣ ዓመታትና ሞቶች ግን እውነተኛ ናቸው። ስለ ማዕድንና ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሾፌር አልባ መኪና የሚያሰማራው ትልቅ ኩባንያ ነው። እኔ ግን ከአንድ ግቢ ወፍጮ መጀመርን መረጥሁ። ለብሔራዊ ባንካችን ከሚቀርበው ወርቅ ትልቁ እጅ የሚመጣው ከባህላዊና ከአነስተኛ አምራቾች ነውና።

አጎት፦ በጥሩ ጊዜ ደረስሽልኝ ልጄ። ሁለተኛ ወፍጮ ልገዛ ነው። ከአሮጌው ሦስት እጥፍ ይፈጫል ብለውኛል። አንቺ የተማርሽው ይሄንኑ ስለሆነ አስተያየትሽን ሳልሰማ ብር አልከፍልም ብዬ ቆይቻለሁ።

መሐንዲሷ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ማሽኑን ከማየቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የት ነው የሚተክሉት?

አጎት፦ ከአሮጌው ጎን ነዋ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሌባ አይደፍረውም፣ ሠራተኞቹም ከቤታቸው በእግር ይመጣሉ።

መሐንዲሷ፦ ልጆቹ የሚጫወቱትስ እዚያው አይደል?

አጎት፦ ልጅ መቼም ሞተር ሲነሳ ሮጦ ይመጣል። እናቶቻቸውም እዚያው ቡና ያፈላሉ። ምን ያገኛቸዋል ብለሽ ነው?

መሐንዲሷ፦ በሰሜን ምዕራብ ናይጄሪያ ዛምፋራ የሚባል ክልል አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን እዚያ ሲደርስ ሕፃናት እያንቀጠቀጣቸው ራሳቸውን ይስቱ፣ ይሞቱ ነበር። ወላጆቹ ወባ ነው ብለው ነበር። ደማቸው ሲመረመር ግን የተገኘው እርሳስ ነው። እንዲያ ያለ መጠን በሕፃን ደም ውስጥ ማየት ሐኪሞቹ ራሳቸው ያልለመዱት ነበር።

አጎት፦ እርሳሱ ከየት መጣ?

መሐንዲሷ፦ ከወርቁ ድንጋይ። የዚያ አካባቢ ወርቅ ከእርሳስ ጋር ተጣብቆ ነው የሚገኘው። ድንጋዩ መሬት ውስጥ ሳለ ማንንም አልነካም። በመዶሻ እየፈለጡ፣ ትንሽ በትንሽ እያጠቡ ቢሠሩበትም ጉዳቱ እንዲያ አይበረታም ነበር። የወርቅ ዋጋ ሲወጣ ግን የእህል ወፍጮ ለድንጋይ መፍጫ ዋለ። ድንጋዩን በጆንያ ወደ መንደር አመጡ፣ በየግቢው ፈጩት፣ ዱቄቱ በምንጣፉ፣ በጉድጓዱ ውሃ፣ በዶሮው ላባ ላይ ሰፈረ። ሕፃን ደግሞ እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ቢያንስ 400 ሕፃናት ሞቱ ጋሼ። ከሞት የተረፉት ውስጥ ዓይናቸው የጠፋ፣ አእምሯቸው የተጎዳ አሉ። ማንም ክፉ ሰው አልነበረበትም። አባት ለልጁ እንጀራ ብሎ ያመጣው ማሽን ነው።

አጎት፦ ላ ኢላሃ ኢለላህ። የኛ ድንጋይ ግን እርሳስ የለበትም።

መሐንዲሷ፦ ተመርምሯል?

አጎት፦ ማን መርምሮት።

መሐንዲሷ፦ እንግዲያው አለበትም የለበትምም ማለት አንችልም። ናሙና ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት እንላክ። ወፍጮ ከመግዛት በፊት የሚቀድመው ይሄ ነው። ደግሞ እርሳስ ባይኖርበት እንኳ ነጩ ድንጋይ ራሱ አለ። ወርቁ የተቀመጠበት ኳርትዝ ሲፈጭ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይወጣዋል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ሳንባው እየጠጠረ ይሄዳል። ሲሊኮሲስ ይሉታል። መድኃኒት የለውም። ሳልና የደረት ውጋት ሆኖ ይጀምርና ብዙ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ይከተለዋል።

አጎት፦ ያ አንዱ የወፍጮ ሠራተኛዬ ይስላል። ሲጋራ ነው ብዬ ስቆጣው ከረምኩ።

መሐንዲሷ፦ ሲጋራም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ይየው። ግን ጋሼ፣ ይሄ አዲስ ታሪክ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በታመቀ አየር የሚሠራ የድንጋይ መሰርሰሪያ ሲመጣ ሥራው ፈጠነ፣ ብናኙም አብሮ በዛ። ማዕድን ቆፋሪዎቹ መሣሪያውን ሚስትን መበለት የሚያደርግ ብለው ነበር የሚጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1897 ጆርጅ ሌይነር የሚባል አሜሪካዊ በመሰርሰሪያው ብረት መሐል ቀዳዳ አበጅቶ አየር፣ ኋላም ውሃ አሳለፈበት። ብናኙ ከጉድጓዱ ሳይወጣ ጭቃ ሆኖ ቀረ። መፍትሔው እንዲህ ቀላል ነበር። ይሁንና በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ጉድጓዶች ውስጥ ከዚያ በኋላም ስንት ትውልድ በሳንባ አለቀ። የታመሙት ቆፋሪዎች በከፈቱት ክስ ስድስት ኩባንያዎች 5 ቢሊዮን ራንድ ገደማ እንዲክሱ የተደረሰውን ስምምነት ፍርድ ቤት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

አጎት፦ መቶ ዓመት አለፈው እኮ!

መሐንዲሷ፦ አዎ። ማሽኑ በአንድ ዓመት ይገባል፤ ውሃው፣ ርቀቱ፣ ሕጉ ዘግይቶ ይመጣል። የሚሞተው ሰው ያለው በሁለቱ መሐል ነው። እኔ የምለምንዎ ይህን መሐል እንዳይኖር ነው። ወፍጮው ሲገባ ውሃው አብሮ ይግባ።

አጎት፦ ውሃ አልሽ። በበጋ ወንዙ ሲደርቅ ለከብት እንኳ አይበቃም። ወፍጮ ላጠጣ ነው?

መሐንዲሷ፦ አሁንስ ዱቄቱን በምን ያጥቡታል?

አጎት፦ ከወፍጮው ወጥቶ ገንዳ ውስጥ ነው የሚታጠበው።

መሐንዲሷ፦ ያንኑ ውሃ ነው የምለው። ቀድሞ ወፍጮው ላይ ይግባ። ሦስት ገንዳ በተርታ ይቆፈር፤ ጭቃው በመጀመሪያው ይዝቀጥ፣ ሦስተኛው ጠርቶ ተመልሶ በፓምፕ ይመጣል። የሚጠፋው የሚተነውና ዝቃጩ ይዞት የሚቀረው ብቻ ነው። በናይጄሪያ ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ ወፍጮዎቹን ከመንደር አውጥተው፣ ውሃ እየረጩ መፍጨት ሲጀምሩ አየር ላይ የነበረው እርሳስ በጣም ቀንሷል። መሣሪያው ውድ አልነበረም።

አጎት፦ እሺ፣ ይሄ ይገባኛል። ቦታ መቀየርም ይቻላል፤ ከሰፈሩ ማዶ፣ ነፋሱ ወደ ቤት የማይነፍስበት ጠፍ መሬት አለ። የጥበቃ ደሞዝ ይጨምርብኛል እንጂ። ግን አንቺ ፊትሽ ላይ ሌላም ነገር አያለሁ።

መሐንዲሷ፦ ባዜቃው፣ ሜርኩሪው ነው።

አጎት፦ ጠብቄሽ ነበር። እሱ የኔ አይደለም። ድንጋዩን ያመጡት ልጆች ናቸው ይዘው የሚመጡት።

መሐንዲሷ፦ እንዴት እንደሚሠሩበት ይንገሩኝ።

አጎት፦ ምን አዲስ ነገር አለው? የተፈጨውን በሙሉ ገንዳ ውስጥ ይከቱታል፣ ባዜቃ ያፈሱበታል፣ ይረግጡታል፣ ያሹታል። ወርቁን ለቅሞ ሲይዝ በጨርቅ ይጨምቁታል። የቀረችውን ነጭ እንክብል ከሰል ላይ ያስቀምጧታል። ባዜቃው ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ማታ ብራቸውን ይዘው ይገባሉ።

መሐንዲሷ፦ ይሄዳል የሚሉት ወዴት ነው? ያች እንክብል ግማሽ ያህሏ ባዜቃ ናት። ባዜቃ በ357 ዲግሪ ይፈላል፣ ከሰል ከዚያ በላይ ይግላል። እንፋሎቱ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ከተነፈሱት ከአምስት እጅ አራቱ ሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። እጅ ማንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መርሳት፣ የኩላሊት መታመም ይከተላል። በእርጉዝ ሴት ላይ ሲሆን ፅንሱን ይነካል። በዚያው ከሰል አጠገብ ቡና የሚያፈሉትን እናቶች ያስቧቸው።

አጎት፦ የተዘጋ ማብሰያ የሚባል ነገር አምጥተው አሳይተውን ነበር። ክዳን ያለው ብረት፣ ከላዩ ቱቦ የወጣለት።

መሐንዲሷ፦ እሱ ነው። እንፋሎቱ በቱቦው ሄዶ ውሃ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ባዜቃው ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ብረት በያጅ ከውሃ ቱቦ ሊሠራው ይችላል። ለምን ተዋችሁት?

አጎት፦ እኔ ልንገርሽ፣ ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። አንደኛ፣ ወርቁ ተዘግቶበት አይታይም። አምስት ሰው ለሳምንት የቆፈረበትን ወርቅ ከዓይኑ ሥር አጥቶ ክዳን አይዘጋም፤ አንዱ ሌላውን ይጠረጥራል። ሁለተኛ፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ገዢው ደግሞ ሳይመሽ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ወርቁ ጠቁሮ ይወጣል። ነጋዴው ያያትና ቆሻሻ ናት ብሎ ዋጋ ይሰብራል። ይሄን ሁሉ ያስተማሩን ሰዎች አልጠየቁንም። ሰርተፊኬት ሰጥተውን ሄዱ።

መሐንዲሷ፦ የነገሩኝ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል ጋሼ። መሣሪያው የሰውየውን ሳንባ ይጠብቃል፣ ኪሱን ግን ይቀንሳል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በስልጠና ብዛት አይለመድም። ደግሞ ቢለመድም ብቻውን አያድንም። ስለ ዴቪ መብራት ላጫውትዎ?

አጎት፦ አጫውችኝ።

መሐንዲሷ፦ በሰሜን እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ውስጥ የሚቀጣጠል ጋዝ አለ። ሠራተኞቹ በተከፈተ ነበልባል ስለሚሠሩ ፍንዳታው የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 ፌሊንግ በሚባል ቦታ 92 ሰዎች፣ ከእነሱም ብዙ ልጆች፣ በአንድ ቀን ሞቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሃምፍሪ ዴቪ የሚባል ሳይንቲስት ነበልባሉን በቀጭን የሽቦ ወንፊት የሸፈነ መብራት ሠራ። ወንፊቱ ሙቀቱን ይበትነዋል፣ እሳቱ ወደ ውጭ አይተላለፍም። ግሩም ፈጠራ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1835 የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ሲመረምር፣ በደርሃምና በኖርዘምበርላንድ መብራቱ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት 18 ዓመታት 447 ሰዎች ሞተው ነበር፤ በተከተሉት 18 ዓመታት ደግሞ 538።

አጎት፦ ጨመረ?

መሐንዲሷ፦ ጨመረ። ጋዝ የበዛባቸው ተብለው የተዘጉ ጉድጓዶች፣ መብራት አለን ተብሎ ተከፈቱ። አየር ማስገቢያ መሥራት ገንዘብ ያስወጣል፤ መብራት ርካሽ ነው። ባለቤቶቹ ርካሹን ይዘው ወደ ጥልቁ ገቡ። የተዘጋው ማብሰያም እንዲሁ ነው። እሱ አለን ብለው ቤት ውስጥ ቢያበስሉ፣ ሳይቀዘቅዝ ቢከፍቱት፣ ከበፊቱ ይብስባቸዋል።

አጎት፦ ታዲያ ምን ይሻላል ትያለሽ? ባዜቃ ይቅር ማለት ቀላል ነው። ልጆቹን በምን ትመልሻቸዋለሽ?

መሐንዲሷ፦ በወርቅ። ባዜቃ ወርቁን በደንብ የሚይዝ ይመስላቸዋል። ዱቄቱ በሙሉ በባዜቃ ሲታሽ ግን ከድንጋዩ ወርቅ ብዙ ጊዜ ግማሹ እንኳ አይወጣም። ቀሪው ከተበታተነው ባዜቃ ጋር ዝቃጩ ውስጥ ይሄዳል። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፤ ነጩ ድንጋይ ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ይህን ልዩነት የሚጠቀም የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ አለ። ሰፌድ ላይ ገለባው ተለይቶ እንደሚወጣ፣ ቀላሉ ድንጋይ በውሃው ይታጠብና ከባዱ በአንድ ጫፍ ይሰበሰባል። ያን የተሰበሰበ ከባድ አሸዋ አንጥረኛ ከሚጠቀምበት ቦራክስ ጋር ያቀልጡታል። ቦራክሱ ሌላውን ማዕድን አቅልጦ እንደ መስታወት ከላይ ያንሳፍፈዋል፣ ወርቁ ከታች ይወርዳል። ፊሊፒንስ ውስጥ ቤንጌት በሚባለው ተራራማ አውራጃ ያሉ አነስተኛ አምራቾች በዚህ መንገድ ሲሠሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ያቆያቸው የጤና ምክር ብቻ አይደለም። ወርቃቸው ስለማይቀንስ ነው።

አጎት፦ ለሁሉም ድንጋይ ይሠራል?

መሐንዲሷ፦ አይሠራም። ወርቁ በጣም የላመ ከሆነ፣ ወይም ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን ከበዛበት ይቸገራል። ስለዚህ ነው ናሙናው ይቅደም ያልኩት። ጠረጴዛውም በደንብ ካልተስተካከለ ወርቅ ያስመልጣል፤ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

(እዚህ ላይ አጎትየው ዝም አሉ። ቀጥሎ የተናገሩት፣ በኔ ግምት፣ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፍ ነው።)

አጎት፦ እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ። ልጆቹ ለአንድ ጆንያ የሚከፍሉኝ ናፍጣውንና የወፍጮውን ብረት ብዙም አያልፍም። የኔ ትርፍ ዝቃጩ ነው። ልማዱ ዝቃጭ ለባለወፍጮ ነው። ሱዳኖች ካርታ ይሉታል፤ ከነሱ የተማርነው ነው። አከማችቼ በሳይናይድ ቀሪውን ወርቅ ለሚያወጡ ሰዎች እሸጠዋለሁ። ልጆቹ ወርቃቸውን ሁሉ ካወጡት፣ ለኔ ምን ይቀራል?

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ይህን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። እንግዲህ ባዜቃው የርስዎ አይደለም፣ ግን መጥፎ መሥራቱ ይጠቅምዎታል።

አጎት፦ እንዲያ ስትይው ይከብዳል።

መሐንዲሷ፦ ይከብዳል። ግን የርስዎ ብቻ አይደለም። ወፍጮ ባለበት ሁሉ ውሉ እንዲህ ከሆነ፣ የፈለገው ፈጠራ ቢመጣ በሩ ላይ ይቀራል። ማሽኑን የሚገዛው ሰው የሚያተርፈው ከሚባክነው ወርቅ ነውና። ደግሞ የዚያ ዝቃጭ ጉዳት ይብሳል። ባዜቃ ያለበት ዝቃጭ ሳይናይድ ሲነካው ባዜቃው በውሃ ይሟሟል፤ ከማጠራቀሚያው አልፎ ወንዝ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት መጥፋት አለባቸው ካላቸው አራት አሠራሮች አንዱ ይሄ ነው። ሌሎቹም ከግቢዎ ሩቅ አይደሉም፦ ድንጋዩን በሙሉ በባዜቃ ማሸት፣ ክፍት ቦታ ማቃጠል፣ በመኖሪያ ሰፈር ማቃጠል። ሚናማታ በባሕር ዓሣ ውስጥ በተጠራቀመ ባዜቃ ሕዝቧ የተመረዘባት የጃፓን ከተማ ናት።

አጎት፦ አራቱም እኛ ጋ አሉ ማለት ነው።

መሐንዲሷ፦ አሉ። ስለዚህ ውሉን እንቀይር። ልጆቹ በጆንያ ከፍ ያለ ዋጋ ይክፈሉ፤ ወይም በጠረጴዛው ከሚወጣው ወርቅ የተወሰነ እጅ ለርስዎ ይሁን። ዝቃጩ አሁንም የርስዎ ይሁን፤ ጠረጴዛ የማይዘው የላመ ወርቅ መቼም ይቀርበታል። ባዜቃ ስላልነካው ግን ፈቃድ ያለው ፋብሪካ ሳይፈራ ሊገዛው ይችላል።

አጎት፦ ከወርቁ እጅ ልውሰድ ካልኩ ይደብቁኛል። እኔም እንደሰረቅኋቸው ያስባሉ።

መሐንዲሷ፦ ሚዛኑ አደባባይ ላይ ይሁን። ጠረጴዛው ከማብሰያው የሚሻለው በዚህም ነው፤ ክዳን የለውም። ወርቁ ቢጫ መስመር ሠርቶ ሲወርድ አምስቱም ሰዎች ቆመው ያዩታል።

አጎት፦ ይሄ ጥሩ ነገር ነው። ማየት ይፈልጋሉ።

መሐንዲሷ፦ በቃሌ እንዲያምኑኝ አልፈልግም። አንድ ጆንያ ድንጋይ እንፍጭ፣ በደንብ ደባልቀን ለሁለት እንክፈለው። ግማሹን እነሱ እንደለመዱት ይሥሩት፣ ቢያንስ ማቃጠሉ በተዘጋው ማብሰያ፣ ከሰፈር ርቆ ይሁን። ግማሹን በጠረጴዛና በቦራክስ እኔ እሠራዋለሁ። በአንድ ሚዛን እንመዝን። የኔ ካነሰ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።

አጎት፦ እነዚያ ትልልቆቹ ኩባንያዎችስ? በክልላችን ኩርሙክ ላይ የመጣውን የወርቅ ኩባንያ እያየን ነው። ሰው የሌለበት መኪና ያመጣሉ እየተባለ ወጣቱ ይሰጋል።

መሐንዲሷ፦ በአውስትራሊያ ፒልባራ የብረት ማዕድን ሾፌር በሌላቸው መኪኖች ይጫናል፤ ተቆጣጣሪዎቹ 1,500 ኪሎ ሜትር ርቀው ፐርዝ ከተማ ተቀምጠዋል። እዚያ ሾፌር ውድ ነው፣ ስለዚህ ማሽኑ የሰውን ቦታ ወሰደ። እኛ ጋ ርካሹ ሰው ነው፤ የኔ ስጋት ማሽኑ ሰውን ማባረሩ ሳይሆን ከርካሽ ሰው ጋር አብሮ መሥራቱ ነው። ትልቁ ኩባንያ ቢያንስ ፈቃድ፣ የአካባቢ ጥናት፣ ተቆጣጣሪ አለበት። የግቢውን ወፍጮ ማን ያየዋል?

አጎት፦ ማንም። ግብር ሰብሳቢ ካልሆነ። ደግሞ እኔ ብቻዬን ከሰፈር ብወጣ፣ ውሃ ብጨምር፣ ዋጋ ብቀይር፣ ከታች ያለው ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ እየፈጨ ደንበኞቼን ይወስዳል። ጆንያ ተሸክሞ የመጣ ሰው ማዶ ድረስ አይሄድልኝም።

መሐንዲሷ፦ ለዚህ መልስ የለኝም ጋሼ። ይሄን ለርስዎ ጫንቃ ብቻ መተው ፍትሐዊ አይደለም። ሁሉም ባለወፍጮ በአንድ ቀን ካልወጣ፣ ቀድሞ የወጣው ይከስራል።

አጎት፦ ቢሆንም ናሙናውን ላኪ። ውጤቱ እስኪመጣ አዲሱን አልገዛም። አሮጌውን ግን በዚህ ሳምንት ከሰፈር አወጣዋለሁ። የምከስረውን እከስራለሁ፤ የልጅ ነገር ከሆነ አልከራከርም። ጠረጴዛውን ደግሞ ሚዛኑ ይፍረድ። አንቺም ወረዳው ማዕድን ጽሕፈት ቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ። እኔ ብናገር የራሱን ጥቅም ነው ይሉኛል።

መሐንዲሷ፦ እሄዳለሁ። የምለውም ይሄንን ነው። ለወፍጮ ፈቃድ ስትሰጡ ከግብር መለያ ቁጥሩ በፊት የሚተከልበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩ። ከመኖሪያ ቤት፣ ከትምህርት ቤትና ከውሃ ምንጭ ካልራቀ አትፍቀዱ። ውሃ የማይረጭ ወፍጮ አታስነሡ። ይህንንም ለሁሉም ባለወፍጮዎች በአንድ ቀን እዘዙ፤ ለቦታ ለውጡም መሬት ስጧቸው።